የእፍኜ ክብደት

በአማቴ ቤት እህል ሲሰፈር አይወራም ነበር። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የባሌ እናት፣ የአዊ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ጉብታ ላይ ነበር። ቁናውን ሲያጠልቁ ዝም፣ ሲገለብጡ ዝም። የሚናገረው እህሉ ብቻ ነው። ጤፍ ስልቻ ውስጥ ሲወርድ ከማዶ አገር እንደሚጥል ዝናብ ነው፤ በቆሎ በረዶ ነው፤ የደረቀ ዛላ በርበሬ ደግሞ በእንቅልፍ ልብ እንደሚሰማ የሰው ኮቴ ይንኮሻኮሻል። እኔ ገና ሙሽራ ነበርሁ፤ ከጎናቸው ተቀምጬ ያንን ስሰማ ዓይኔ ይከደን ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤት ጥቁር አዝሙድ ልትለምን መጣችና ተነሥቼ ዘገንሁላት። ስትሄድ አማቴ እጄን ያዙና መዳፌን ዘረጉት።

«ሰው እያየሽ ስትሰፍሪ ይህች እጅ አትጥበብ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አሉኝ።

አልተቆጡም፤ እንዲያው ቀስ ብለው ነው። እኔ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መዳፌ ግን ያን ቀን የሰማችውን አልረሳችም።

አሁን ይህ ነው ቤቴ ለማለት ይቸግረኛል። ሽንዲ ትልቁ ልጄ ዘንድ ጥቂት እቆያለሁ፣ ቡሬ ታናሹ ዘንድ ጥቂት፣ ፍኖተ ሰላም የልጄ ልጅ ዘንድ ጥቂት። መንገድ የተዘጋ ቀን ባለሁበት እውላለሁ፤ ሲከፈት ነጠላዬን አጣፍቼ እነሣለሁ። ልጆቼ «እማየ፣ ምን ጎደለብዎ?» ይሉኛል። ምንም አልጎደለብኝም፤ አንድ ቤት ስቆይ ሌላው ቤት በሕልሜ እየመጣ ይጠራኛል፣ ያ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ የልጄ ልጅ፣ ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችብን፣ በእኔ እቅፍ ያደገች፣ እኔም ልጄ የምላት ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና ሲታክታት አንድ ክፍል ተከራይታ ባልትና ጀመረች። ሽሮ፣ በሶ፣ በርበሬ እያዘጋጀች በላስቲክ ታሽጋለች። ጓደኞቿ አብዛኞቹ ዐረብ አገር ሄደዋል። እሷም ፓስፖርት አውጥታ ነበር፤ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ጥር ላይ ነው፤ በርበሬው ከየአገሩ የሚገባበት ጊዜ። እሷ ዘንድ ሰንብቼ፣ እንደ ልማዴ ዛላውን ቀንጥሼ፣ ቅመሙን አምሼ፣ አንድ ቁና በርበሬ ሠርቼላት ነበር። ከዚያ ላይ በሳህን ቆንጠር አድርጋ መኪና በሚቆምበት በኩል ላለች አንዲት ባለ ምግብ ቤት ወሰደችላት። ሴትዮዋ ምላሷ ሹል ነው፣ ወጧም እንዲሁ። ልጄ ከሰዓት በኋላ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«እማየ፣ ወደደችው! በየወሩ አምጭልኝ፣ ከሌላ አልገዛም አለች።»

«እሰይ፣ የኔ አበባ!»

«ግን አንድ ነገር አለችኝ። ዛሬ እንዲህ፣ በሌላ ቀን እንዲያ ከሆነ ደንበኛዬ ወጡን ሳይጨርስ ይነሣል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን አለች።»

ከዚያ ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይህ ከተሳካ እኖራለሁ። ካልተሳካ ግን፣ እማየ፣ እሄዳለሁ። እንዳይከፋዎ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ አንሥቶ ወደ ባሕር ዛፎቹ ይዞት ሲሄድ አየሁ። እንግዲህ የልጄ መኖርና መሄድ በበርበሬ ላይ ተንጠለጠለ አልሁ በልቤ።

«እኔ እሠራልሻለሁ፣ ምን ቸገረሽ» አልኋት።

«እርስዎ? አንድ ቀን ሽንዲ ነዎት፣ አንድ ቀን ቡሬ። ሴትዮዋን እማየ እስኪመጡ ጠብቂ ልበላት? እጅዎን ትተውልኝ ይሂዱ።»

«ቁረጭና አስቀሪው በላ!»

ሳቀች። በማግስቱ ሚዛን ይዛ መጣች።

ሚዛን ስል እኔ የማውቀው ሁለት ሳህን ያለው፣ በአንድ ወገን ብረት በሌላው ቡና የሚጫንበት ነው። ይቺ ግን የመስታወት ቁራጭ የመሰለች ጠፍጣፋ ነገር ናት። ምንም ሳይጫንባት ዝም ብላ ትተኛለች። ጣት ሲነካት ቁጥር ታበራለች። ልጄ ደብተሯን ዘርግታ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«በሉ እንጀምር። አንድ ጣሳ ስንት ነው?»

«ጣሳ ጣሳ ነው።»

«እሱማ ነው! በኪሎ ስንት ይሆናል ማለቴ ነው።»

«ሰው ሁሉ ጣሳ ኪሎ ነው ይላል።»

«ሰው ሁሉ ተሳስቷል፤ ይዩ።»

አንዱን ጣሳ አንሥታ ጨው ሞላችበትና ሚዛኗ ላይ አኖረችው፤ ቁጥሩ ሽቅብ ሮጠ። ጨዉን ገልብጣ በተቀነጠሰ ዛላ ሞላችው፤ ቁጥሩ ወርዶ ታች ተኛ፣ ባዶውን ጣሳ ያስቀመጠች ነው የሚመስለው። በሶ ሞላችበት፤ ከሁለቱ መካከል ሆነ። እኔ ይህን ክንዴ ያውቀው ነበር። ጨው ስሸከምና ዛላ ስሸከም ትከሻዬ ሌላ ሌላ ነገር ይነግረኛል። በዓይኔ አይቼው ግን አላውቅም። አንዱ ጣሳ ቅርፁን ሳይለውጥ እንደ ሰው ስሜት ሲከብድና ሲቀል እያየሁ ደነገጥሁም፣ ደስም አለኝ።

«ስለዚህ ሁሉንም ለየብቻው ነው የምንመዝነው። ቁናው ዛላ ተጠቅጥቆ ነው ወይስ ልል ሆኖ?»

«አይጠቀጠቅም። እንዲያው ጣል ጣል ነው።»

ዛላውን እሷው ጣል ጣል አድርጋ ሞላችና መዝና ጻፈች። ቅመሙ ላይ ሲደረስ ግን መስፈሪያው የኔ እጅ ነው። ለአንድ ቁና ዛላ ሁለት እፍኝ ኮረሪማ፣ አንድ እፍኝ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ እፍኝ ነጭ አዝሙድ፤ የቀረውም እንደዚሁ በእጅ ነው።

«በሉ ይዝገኑልኝ» አለችና ዓይኗን መዳፌ ላይ ተከለች። ሚዛኗም በርታ ትጠብቃለች።

ዘገንሁ። ጥቁር አዝሙዱ ከጣቶቼ መካከል እየተንጠባጠበ ሚዛኗ ላይ ፈሰሰ።

«ስድሳ ሁለት ግራም!» ጻፈች። «እማየ፣ እጅዎ አካፋ ነው እንዴ?»

«ስንቱን ያበላች እጅ ናት» አልሁ፤ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

በሳምንቱ ዛላውን ገዝታ ሁሉንም በወረቀቷ መሠረት በግራም እየለካች ሠራችው። እኔን «አይንኩ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥሁ። ስታምስ ሽታው ደጅ ድረስ ወጣ። ትንሽ በረታብኝ፤ ግን አርጅቻለሁ፣ አፍንጫዬን ማን ያምነዋል ብዬ ዝም አልሁ። ወፍጮ ቤት አስፈጨችው፣ ለሴትዮዋ ወሰደችላት።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ራሷ መጣች። ፌስታሉን በሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

«ወጤን የጉንፋን መድኃኒት አደረግሽው እኮ! አንዱ ሾፌር ጎርሶ ምን አለኝ መሰለሽ? እትዬ፣ አላመመኝም፣ ምሳ ነው ያዘዝሁት አለኝ!»

እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የልጄን ፊት አየሁና ዋጥሁት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ አይሻለሁ» አለች ሴትዮዋ እኔን ስታይ ለዘብ ብላ፤ «ስለ እማማ ስል ነው። ሦስተኛ ግን የለም።»

ልጄ መጀመሪያ ሚዛኗን ጠረጠረች። ከሱቅ የታሸገ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝታ ጫነችባት፤ ልክ ኪሎ ሆነ። ከዚያ ወፍጮውን ጠረጠረች፤ ባለ ወፍጮው ግን ከእሷ በፊት የተፈጨው በርበሬ ብቻ እንደነበር ማለ። ከዚያ ራሷን ጠረጠረች። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ደመረችው፤ ድምሩ አልተነቃነቀም።  ማታ ሣጥኗን ከፍታ ስትዘጋ ሰማሁ፣ ምን እንዳየች አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ምንም የምገዛው የለኝም፤ ሐሳብ ሲበዛብኝ መሄድ ነው መድኃኒቴ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ሰዉ ከእሱ ውስጥ እየወጣ መልሶ ይገባበታል። የሽንኩርቱ ክምር፣ የማዳበሪያው ጆንያ፣ አህያው፣ ሁሉም ያለ እግር የቆመ ይመስላል። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ባለ ጧት የሞቱትም የሚገበያዩ ነው የሚመስለኝ። እናቴን አንዴ ጨው ስትመርጥ ያየኋት መሰለኝና ዘወር ስል ሌላ ሴት ናት።

አንዲት የገጠር ሴት ጥቁር አዝሙድ በስኒ ትሰፍራለች። ገዢዋ አጎንብሳ ስኒውን ታያለች። ባለ አዝሙዷ ሞላች፣ ቆለለች፣ ቁልሉ እስኪናድ ጨመረች፣ ደግሞ በሦስት ጣቷ «እንኪ ምራቂ» ብላ ጣል አደረገች። ገዢዋ መርቃት ሄደች።

እኔም ለጨዋታ ያህል፣ «ልጄ፣ ለቤትሽ ስትቀምሚም እንዲህ ትቆልያለሽ?» አልኋት።

ሳቀች። «ኧረ እማማ፣ ለቤቴማ ማን ያየኛል!»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዱ «እማማ፣ መንገድ ይልቀቁ» አለኝ፤ አህያው አለፈ፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም። ጉብታው ላይ፣ አማቴ መዳፌን ዘርግተው ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ፈጠነ። ልጄ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅማለች።

«አገኘሁት» አልኋት።

«ምኑን?»

«ሚዛንሽ አልዋሸችም። አንችም አልተሳሳትሽ። የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

ቀና አለች። እንዲህ ስል ነገርኋት፤ ብቻዬን ስቀምም እጄ የምትዘግነውን ትዘግናለች፤ ማንም አያያትም፣ ማንንም አታፍርም። ያን ቀን ግን አንች ታይኛለሽ፣ ያች የምታበራ ነገርም ታየኛለች፣ እጄ ሳላዝዛት ተከፈተች። ከምትዘግነው በላይ ዘገነች። ጎረቤት የመጣ መሰላት።

ልጄ ሰፌዱን አስቀመጠችው። ፊቷ ቀላ።

«እማየ፣ በእኔ ፊት ይሉኝታ? በእኔ? ገላዬን ያጠቡኝ፣ ያዘሉኝ እርስዎ?»

«አንችን አይደለም ያፈርሁት፤ ቁጥሩን ነው።»

«ቁጥር ቆጥቋጣ ናት ብሎ ያማዎታል?»

«ምን አውቄ!»

ከዚያ ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ምስሩ እስኪበተን ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ እንባ ይዞ ነበር። ሴትዮዋ የሰጠችን ዕድል የመጨረሻው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እንድገመው» አለች።

ደገምነው። ባሰ። አሁን እንዳልበዛ እየፈራሁ ጣቶቼን ሰበሰብሁ፤ ሠላሳ ሆነ። «ይሄማ የወፍ ነው» አለች። ለቀቅ አደረግሁ፤ ሃምሳ ስምንት። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርሁ፤ እንደ ዕውር ስዳብስ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ስድሳ ዓመት የቀመመች እጅ አንዲት እፍኝ መዝገን አቃታት። መዳፌን አገላብጬ አየኋት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለችኝ። እንግዲህ ልጄን እኔው ልሸኛት ነው አልሁ፣ አልተናገርሁትም።

ልጄ ሚዛኗን አጠፋችና ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀለቻት። «ይተውት፣ እማየ። ነገ ለቡሬው አጎቴ ቤት በርበሬ ይሠሩልኛል፤ ሲሄዱ ይዘውለት ይሄዳሉ። እኔ ከሴትዮዋ ጋር የሚሆነውን አስባለሁ።»

ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። በማግስቱ ዛላውን በቁና ሞልታ አቀረበችልኝ፣ የቅመሙን ዕቃ ሁሉ በእጄ ርቀት ደረደረችልኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

«እማየ፣ እናቴ ልጅ ሆና ምን ትመስል ነበር?»

ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። እኔም ያለጥያቄ አላነሣውም ነበር። ብረት ምጣዱን ጥጄ ተቀመጥሁና መናገር ጀመርሁ። በነሐሴ በቆሎ እሸቱ መካከል ተደብቃ ቀኑን ሙሉ ያስፈለገችንን ነገርኋት፤ ማታ ስትወጣ ፀጉሯ በሙሉ የበቆሎ ፂም ሆኖ ነበር። ወራጅ ውኃ ካየች አልፋ የማትሄድ፣ ቁጭ ብላ የምታዋራው መሆኗን ነገርኋት። ውኃው ምን ይልሻል ብላት፣ ቆይ ይለኛል ብላኝ ነበር። ስናገር ኮረሪማውን ፈለፈልሁ፣ አዝሙዱን አመስሁ፤ ምን ያህል እንደዘገንሁ አላውቅም፣ እጄ የት እንደነበረችም አላውቅም። እኔ የበቆሎው ማሳ ውስጥ ነበርሁ። ቅጠሉ ይንሿሿል፤ እናቷ ከወዲያ ማዶ ትስቃለች፤ እኔ ስጠጋ ሳቋ ይርቃል።

ዝም ስል ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ደርሳ ነበር። የልጄ ልጅ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ተነሣች። ሚዛኗን አወረደች።

«ምን ልታደርጊባት ነው?»

«የቀረውን ልመዝን።»

ሳልነሣ ጧት እያንዳንዱን ዕቃ ከነቅመሙ መዝና ጽፋው ኖሯል። አሁን የተረፈውን እየጫነች፣ ከነበረው ላይ የቀረውን ትቀንሳለች። ጥቁር አዝሙዱ አርባ አራት ግራም ጎድሎ ተገኘ። እሷ ስትጽፍ እኔ አፌን ይዤ አያታለሁ። እጄ ሳታውቅ ተያዘች።

«አንች ቀበሮ!» አልኋት።

«ማን አሳድጎኝ!» አለች አፍንጫዋን እየሳበች።

እሱን ወረቀት ይዛ እንደገና ሠራችው፤ ዛላውንም ቅመሙንም ብቻዋን። ከወፍጮ ሲመጣ አብረን ለሴትዮዋ ወሰድነው። ሴትዮዋ በጣቷ ቀመሰችና ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኛ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የቡሬ መኪና መጥቶ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማናል። የልጄ ጉልበት ከጉልበቴ ጋር ተነካክቶ ነበር፤ እጄን ጫንሁበት።

ሴትዮዋ ጭልፋ እንደያዘች ወጣች።

«ይሄንን የት ደብቀሽው ነበር?» አለች። «በየወሩ ነው፣ ሰምተሽኛል? በየወሩ! አንድ ቀን ብታስቀሪ እማማን ነው የምይዛቸው።»

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ፤ ደስታም ሲሰፈር ባይወራበት ይሻላል። ወደ ደጃፉ ስንቃረብ ቆም አለች፤ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ ከራሷ ጋር እንደምትማከር ሆነች።

«እማየ፣ ዛላ አሁን በደህናው ጊዜ ገዝተን ካላስቀመጥን ሰኔ ላይ አናገኝም።»

«ሰኔ አልሽ?»

«ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴም አለ። ክረምቱን ሙሉ በርበሬ ከየት አመጣለሁ? ዝናቡ ሲገባ ደግሞ እርጥበት እንዳይነካው ቆጥ ማሠራት አለብኝ።»

ቆጡ የት ይሁን፣ በየትኛው ግድግዳ በኩል ይሁን እያለች ቀጠለች። እኔ አልሰማኋትም። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ እያልሁ ወሮቹን በአፌ ውስጥ አንድ በአንድ እያገላበጥሁ ነበር፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ እሷ እዚህ ነበረች።